ያረጀ ድልድይ፦ እንጠግነው ወይስ አዲስ እንሥራ?

የባሕር ዳሩን የዓባይ ድልድይ እንይ።

ወጪ፦ ጥገና ለጊዜው ይረክሳል፤ ግን ተመልሶ ይመጣል። አዲሱ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ፈጅቷል፣ ቀልድ አይደለም።

ምቾት፦ እዚህ ላይ አይወዳደሩም። አሮጌው ጠባብ ነው፤ ባጃጁም፣ የጭነት መኪናውም፣ እግረኛውም እየተጋፉ ነበር የሚሻገሩት። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ግን 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፣ ለመኪና በየአቅጣጫው ሦስት መስመር፣ ለእግረኛና ለብስክሌትም የራሱ መንገድ (ባሕር ዳር ያለ ብስክሌት ምኗ ባሕር ዳር ነው?)። ማታ መብራቱ ሲበራማ ሰው የሚሄደው ለመሻገር ሳይሆን ፎቶ ለመነሳት ነው።

ስጋት፦ ለጥገና ድልድይ ከተዘጋና ሌላ መሻገሪያ ከሌለ፣ ከተማው ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። አዲሱን ጎን ለጎን ስትሠራ አሮጌው ማሻገሩን ይቀጥላል። የሚያሰጋው መጓተቱ ነው።

ለማን የቱ? መሠረቱ ጤነኛ ከሆነ፣ መኪናውም ካልበዛ ይጠገን። ጢስ ዓባይ አጠገብ እንዳለው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ቅርስ ከሆነማ ማፍረስ አይታሰብም። ከባድ መኪና የሚበዛበትና ከተማው በሁለቱም ዳር እየሰፋ ያለ ከሆነ ግን አዲስ ይሠራ፤ አሮጌውንም ለእግረኛ መተው ይቻላል።