የእናቴን ጋን ላዳነልኝ ልጅ

እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ግን ይሄን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር እናቴ በሕልሜ መጥታ ትቆጣኛለች።

በረንዳዬ ላይ አንድ ጋን አለ። እናቴ በ1979 ዓ.ም ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የገዛችው ነው፤ የሠርጌ ጠላ የተጠመቀው በሱ ነው። አፉ ሲሸረፍ መጣል አልሆነላትም፣ አፈር ሞልታ ጤና አዳም ተከለችበት። እሷ ካረፈች በኋላም ለቡናችን የምንቀጥፈው ከዚያው ነው። አምና ግን ገላው ነጭ ነጭ ይል፣ ይፈረፈር ጀመር። ለፋሲካ ቀለም ላስቀባው አልኩ።

ምነው ባላልኩ! የመጀመሪያው ቀቢ ከነአፈሩ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ለቅልቆበት፣ በግማሽ ቀን ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሰኔ ሳይጋመስ ቀለሙ እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጥሮ በእጄ ይላጥ ነበር። ስደውልለት «ቀለሜ ምንም አልሆነም፣ ሸክላሽ ነው የተበላሸው» አይለኝም? ሁለተኛው ቀብድ ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ ጥሪ ማስተናገድ አይችልም። የአበባ ማሰሮ የሚሸጥበት ቦታ ሄጄ ብጠይቅ ደግሞ «ወርውሪውና ፕላስቲክ ግዢ» ብለው ሳቁብኝ። በጣም ነው የከፋኝ።

ይሄን ቀቢ ልጅ ያገኘሁት ጥቅምት ላይ፣ መንገድ ዳር ችግኝ ልገዛ ቆሜ ነው። ቤት መጣ። ቀለም ያወጣል ብዬ ስጠብቅ ጤና አዳሙን ከነሥሩ ቀስ አድርጎ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠ፣ አፈሩን አወጣ፣ ከዚያ እጁን እስከ ታች ሰደደና «ማዘር፣ ይሄ ለጠላ የተሠራ ነው፣ ቂጡ አልተበሳም። ያጠጣችሁት ውሃ የት ይሂድ?» አለኝ። ለካ እናቴ በጣሳ ነበር የምታጠጣው፣ እኔ በጎማ! ሸክላው የጠጣው ውሃ ነው ቀለሙን ከውስጥ የሚገፋው አለ። ከታች በሳው፣ ፀሐይ ላይ ደፋውና «ሳይደርቅ ቀለም አላስነካውም» ብሎ ሄደ። ቀብድ አልጠየቀም። እውነቴን ነው፣ አምስት ሳንቲም!

በአሥረኛው ቀን ተመለሰ። የድሮውን ቀለም ሲፍቅ እኔ ሥራ ቦታ ነኝ፣ ስልኬ ጠራ። «ማዘር፣ አንገቱ ላይ በምስማር የተጫረ ትንሽ መስቀል አገኘሁ። ልሸፍነው ወይስ ልተወው?»

የእናቴ እጅ ነው። ጠላው እንዳይበላሽባት የጫረችው። ያኛው ሰውዬ በስቱኮ ደፍኖት ነበር፣ እኔም የጠፋ መስሎኝ አንድም ቀን አላነሳሁት። ቢሮ ውስጥ አለቀስኩ። ልጁ መስቀሉን ባለበት ትቶ፣ ዙሪያውን በሀበሻ ቀሚስ ጥለት ከበበው። ከውስጥም የሆነ ነገር ቀብቶታል፣ ስሙን ሁለቴ ነግሮኝ ሁለቴ ረሳሁት። ሲጨርስ እንደ ጉልቻ ሦስት ጡብ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ውሃው እንዲወርድ። ጤና አዳሙም ይኸው አቆጥቁጧል።

እባካችሁ አሮጌ ማሰሮ፣ እንስራ፣ ጋን ያላችሁ አትጣሉ። ይሄን ልጅ አሠሩት። ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፣ ደግሞ አትከራከሩት፣ ያሳፍራል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ብቻ የእህቴን እንስራ ለቅዳሜ ቀጥሬዋለሁና ቅዳሜን እንዳትነኩብኝ!