የሞተር ጀልባ ሲያዘነብል፦ ጭነት ማመጣጠን ወይስ ትሪም ታብ?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሻገር ሞተር ጀልባ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል የሚቃናው ጭነቱን በማመጣጠን፣ አለዚያም ከኋላው ግርጌ በግራና በቀኝ የሚገጠሙትን፣ ትሪም ታብ የሚባሉትን ተንቀሳቃሽ ዝርግ ብረቶች በማስተካከል ነው።

ጭነት ማመጣጠን ወጪ የለውም፤ ጀልባው ቆሞም ሆነ እየሄደ ይሠራል። ወሳኙ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ከመሐል ያለው ርቀትም ነው፤ ቤንዚን የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ኪሎ ያህል ቢመዝንም፣ ከመሐል መስመሩ አንድ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ፣ ግማሽ ሜትር ላይ የተቀመጠ 30 ኪሎ እህል ያህል ጀልባውን ያዘነብለዋል።

ትሪም ታብ በአንጻሩ የሚሠራው ጀልባው በፍጥነት ሲጓዝ ብቻ ነው። ባዘነበለው ጎን ያለው ብረት ዝቅ ሲደረግ፣ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ያንን ጎን ወደ ላይ ያነሣዋል። የጎን ነፋስና የሞተሩ ፕሮፔለር ሽክርክሪት የሚያመጡትን ማዘንበል፣ ተሳፋሪ ከመቀመጫው ሳይነሣ ለማረም ይጠቅማል። ሆኖም የውሃውን ጉተታ ስለሚጨምር ፍጥነት ይቀንሳል፤ ነዳጅም ይፈጃል።

እኔ ጭነቱን አስቀድማለሁ። በትሪም ታብ የተሸፈነ የጭነት መዛባት፣ ጀልባው ወደብ ሲደርስ ፍጥነቱን በቀነሰ ጊዜ፣ ልክ ሰዎች ለመውረድ ሲነሡ ይመለሳልና።