ባለ 1,000 ዋት ሶላር ፓምፕ ለሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ይበቃል?

ቤንዚን በጀሪካን እየታደነ፣ ሲገኝም ከማደያው ዋጋ በላይ እየተከፈለበት መስኖ ማልማት ያማረረው የሸዋ ሮቢትና የቀወት ገበሬ ሶላር ፓምፕ ቢያይ አይፈረድበትም። ዕቃው ቀላል ነው፦ ሦስት ፓኔል፣ ኃይሉን የሚቆጣጠር ኮንትሮለርና ጉድጓድ ውስጥ የሚሰምጥ ፓምፕ። ባትሪ የለውም፤ አያስፈልገውምም።

ካርቶኑን ግን አትመኑ። «ከፍታ 60 ሜትር፣ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ» ቢል ሁለቱን በአንዴ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ 60 ሜትር ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። በጥሩ የበጋ ፀሐይ ከ10 ሜትር ጥልቀት በቀን 60 ሜትር ኩብ ገደማ ካወጣ ደግ ነው፤ ከ20 ሜትር ከሆነ ግማሹን። ሽንኩርት በሙቀቱ ወራት፣ በቦይ ሲጠጣ፣ ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) በቀን እስከ 25 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ስለዚህ ከ10 ሜትር ጥልቀት ሒሳቡ ሁለት ጥማድ ነው፤ ከ20 ሜትር ደግሞ አንድ። «ሄክታር ያጠጣል» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ፣ ምናልባት በጠብታ መስኖ እንጂ በቦይ አይሞከርም።

ዋናው ጣጣ ፍሰቱ ላይ ነው። ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ በሰከንድ 8 ሊትር ገደማ ይተፋል፤ ይሄኛው 2 ሊትር። በተለመደው ረጅም ቦይ ሲለቀቅ፣ በተለይ ዋልካው ተሰነጣጥቆ ከሆነ፣ ውሃው ከአጋማሽ አያልፍም፤ ራስጌው ይጨቀያል፣ ግርጌው ይጠወልጋል። ገበሬው «ፓምፑ ደከመ» ይላል፤ ፓምፑ ግን ደህና ነው። መፍትሔው ቦዩን አሳጥሮ ሁለት ሁለት ብቻ እየከፈቱ ማጠጣት ነው። አለዚያም ከማሳው ከፍ ባለ ቦታ 5 በ4 ሜትር ስፋት፣ 1.5 ሜትር ጥልቀት ቆፍሮ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሰርግ ወፍራም ፕላስቲክ) ማንጠፍ፤ 30 ሜትር ኩብ ይይዛል፣ በአንዴ ይለቀቃል።

ይኸው ዝግታ ለእጅ ጉድጓድ በረከት ነው። የቤንዚኑ ፓምፕ ጉድጓዱን በአፍታ አድርቆ እስኪያመነጭ ያስጠብቃል፤ ሶላሩ ከምንጩ ጋር እኩል ይሄዳል።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ገደማ ያዘንብል፤ መስኖ የበጋ ሥራ ነው፣ በበጋ ደግሞ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ናት። ቆርቆሮ ላይ ለጥፎ መምታት ጥፋት ነው። በቆላው ሙቀት ፓኔሉ ራሱ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከአቅሙ አንድ ሰባተኛ ገደማ ያጣልና ከሥሩ ንፋስ ይግባበት። ፓኔሎቹ በተከታታይ ስለሚያያዙ የግራር ቅርንጫፍ ጥላ አንዱ ላይ ቢያርፍ የሁሉም ምርት ይወርዳል። ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር ማሰርም አይበጅም፤ መገጣጠሚያው ቀስ እያለ ይግልና ይቀልጣል።

ፓምፑ ከጉድጓዱ ወለል 1 ሜትር ከፍ ብሎ በናይለን ገመድ ይንጠልጠል፤ በኤሌክትሪክ ገመዱ አይጎተት። ጉድጓዱ አሸዋ ካለው ባለ ጎማ ስክሪው ዓይነቱን (ጎማ ውስጥ በሚሽከረከር ብሎን ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ) ተዉት፤ ጎማውን አሸዋ ይበላዋል። ውሃ ሲያልቅ የሚያጠፋው ሴንሰር መሰካቱንም ገጣሚው ሳይሄድ እዩ።

ሮቢ ወንዝ ዳር አራት ጥማድ በቦይ የሚያለማ ሰው የቤንዚን ፓምፑን ገና አይሽጥ። 10 ሜትር ገደማ የእጅ ጉድጓድ ያለውና ማሳው ከሁለት ጥማድ የማይበልጥ ግን ይግዛ፤ ሌሊት ፓኔሎቹን የሚጠብቅ ሰው ካለው።