ሳይቀየር የተከፈለበት የዋይፋይ ካርድ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒዩተር ለምታስጠግኑ ሁሉ

ይህን የምጽፈው ትናንት ከደብረ ማርቆስ ባዶ እጄን ተመልሼ ነው፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። 4,200 ብር ከፍዬ «አዲስ የዋይፋይ ካርድ ተገጥሞለታል» ተብዬ የተረከብኩት ላፕቶፕ አንድም ዕቃ አልተቀየረለትም፤ ክዳኑ እንኳ አልተፈታም። የተሠራው ሥራ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ አንድ መስመር መጻፍ ነበር፤ እሱም ያለቀው እኔ ባንኮኒው ፊት ቆሜ ሳለሁ፣ ስለ ዋጋ ገና ሳንነጋገር ነው።

የቤቱን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ከፊት ለፊት የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተሰቅሏል፤ መሃል ላይ ፎቶ ኮፒ ማሽን ቆሟል፤ ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት ሦስት ወጣቶች የተፈቱ ስልኮች ከበው ተቀምጠዋል። ልማዱንም ታውቁታላችሁ፤ ዕቃው ለአፍታ ይታይና «ትንሽ ይቆያል፣ ሻይ ቡና ብለው ይመለሱ» ይባላል።

ላፕቶፔ ያገለገለ ነው። ዊንዶውስ ስለከበደው ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ከሚባሉት ሥርዓቶች አንዱ የሆነውን የኡቡንቱን ቀለል ያለ ዓይነት፣ ዙቡንቱን፣ ጭኖልኝ እስካሁን ያለ ችግር ሠርቼበታለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ከማያ ገጹ ጥግ የነበረው የኔትወርክ ምልክት ድንገት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮት ጠፋ። አጥፍቼ ባበራው፣ ባትሪውን አውጥቼ ብመልሰው ለውጥ የለም። እኔ የማውቀው ምልክቱን መጫን ብቻ ስለነበር ምልክቱ ሲጠፋ የምይዘው አጣሁ። የተማሪዎቼን ውጤት የምልከው በዚሁ ኮምፒዩተር ነውና መንገዱ ሰላም በሆነበት ቅዳሜ ከደምበጫ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ደብረ ማርቆስ ገባሁ።

ላፕቶፑን የተቀበለኝ ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። ትሑት ነበር፤ መምህር መሆኔን ከነገርኩት በኋላ በየንግግሩ መሃል «መምህር» እያለ፣ በእርስዎታ ነበር የሚያናግረኝ። የይለፍ ቃሌን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ ማያ ገጹን ወደ ራሱ አዞረው። እኔ ከባንኮኒው ወዲህ ሆኜ የማየው የክዳኑን ጀርባ ብቻ ነበር፤ የምሰማው ደግሞ የቁልፎቹን ድምፅ። ጥቂት ጻፈና ኢንተር መታ። እንደገና ጻፈና ኢንተር መታ። ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ማያውን ለአፍታ ተመለከተና ቀና ብሎ አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን አየው። ያችን አስተያየት እስካሁን አልረሳኋትም፤ ያን ጊዜ ግን ምንም ትርጉም አልሰጠችኝም። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ መዳፉንም ከላዩ አሳርፎ «መምህር፣ ካርዱ ተቃጥሏል» አለኝ።

ይህችን ቅጽበት ልብ በሉልኝ። ዛሬ በማስረጃ እንደማውቀው፣ ይህ ልጅ «ተቃጥሏል» ያለኝ ዋይፋዩን ካበራ በኋላ፣ በአካባቢው ያሉትን የዋይፋይ መስመሮች ስም በዝርዝር በዓይኑ ካየ በኋላ ነው። የተቃጠለ ካርድ የጎረቤት ሱቅን ዋይፋይ አያሳይም። ልጁ አልተሳሳተም፤ እያወቀ ዋሸኝ።

ካርዱ 3,400 ብር፣ የእጅ ዋጋ 800 ብር ተባልኩ። ትንሽ ተከራከርኩ፤ «ሊኑክስ ስለሆነ የሚስማማው ካርድ ውድ ነው» አሉኝ። ለልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ያስቀመጥኩትን ጨምሬ በስልኬ አስተላለፍኩላቸው። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተብዬ በብጣሽ ወረቀት ላይ መጠኑ ብቻ ተጻፈልኝ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ ቡና ቤት ተቀምጬ ጠበቅኩ። ስመለስ ላፕቶፑ ተከፍቶ ኢንተርኔት ያሳያል፤ ልጁም በሶፍት የተጠቀለለች ትንሽ አረንጓዴ ካርድ አውጥቶ «ይኸው የድሮው፤ እንዳይጠራጠሩ» ብሎ እጄ ላይ አኖረልኝ። እኔም አመሰግናለሁ አልኩ። መርቄውም ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ሞኝነት መናገር አለብኝ። ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ስሜን ጽፌ የለጠፍኩት ነጭ ፕላስተር አለ፤ አንዱን ብሎን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ካርድ ለመቀየር ያ ክዳን መፈታት አለበት። ወደ ቦርሳዬ ስከተው ፕላስተሩን አይቼዋለሁ፤ ጠርዙ እንኳ አልተነሳም ነበር። አየሁት፤ ግን አላሰብኩበትም።

ነገሩ የተገለጠው ሰኞ ዕለት ነው። የትምህርት ቤታችን የዋይፋይ መስመር የሚያስገባው በመዝገብ የተያዘ መሣሪያን ብቻ ነው። የእኔም ኮምፒዩተር የማክ አድራሻ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተመዝግቧል። ላፕቶፑን ስከፍተው መስመሩን ከበፊቱ ያውቀዋልና ምንም ሳልነካ ራሱ ተገናኘ። ደስ ብሎኝ ለአይሲቲ መምህርታችን ካርድ ማስቀየሬን ስነግራት እጇ ላይ የነበረውን ጠመኔ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ካርዱ ከተቀየረ እኮ መስመሩ ሊያስገባዎት አይገባም ነበር» አለችኝ። የማክ አድራሻ የሚሰጠው ለኮምፒዩተሩ ሳይሆን ለካርዱ ነው፤ 48 ቢት ርዝመት ያለው፣ በ12 አኃዝና ፊደል የሚጻፍ፣ የመጀመሪያው ግማሽ አምራቹን የሚያመለክት መለያ ነው። ካርድ ሲቀየር አድራሻውም አብሮ ይቀየራል። መዝገቡን አውጥታ ከማያ ገጹ ጋር አስተያየችው፤ አሥራ ሁለቱም አንድ በአንድ ያው ናቸው።

ከዚያ ተርሚናሉን፣ ያንን ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት፣ ከፍታ «ሂስትሪ» (history) ብላ ጻፈች። ይህ ትእዛዝ ቀደም ሲል የተጻፉትን ትእዛዞች በቅደም ተከተል ያወጣል። እኔ በሕይወቴ ተርሚናል ነክቼ ስለማላውቅ በዝርዝሩ መጨረሻ ያለው ሁሉ የልጁ እጅ ሥራ ነው። የመጀመሪያው መስመር «አርኤፍኪል ሊስት» (rfkill list) ነው፤ የሬዲዮ መሣሪያዎች መዘጋት አለመዘጋታቸውን ያሳያል። ሁለተኛው «ኤንኤምሲኤልአይ ራዲዮ ዋይፋይ ኦን» (nmcli radio wifi on) ነው፤ ዋይፋዩን ያበራል። ሦስተኛው «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ዋይፋይ ሊስት» (nmcli device wifi list) ነው፤ በአካባቢው ያሉትን የዋይፋይ መስመሮች ይዘረዝራል። እነዚያ የሰማኋቸው ሦስት የኢንተር ድምፆች እነዚህ ናቸው። 4,200 ብር የተከፈለው ለሁለተኛው መስመር ነው። አራተኛው መስመር ከሰዓት በኋላ ከሱቃቸው ዋይፋይ ጋር ያገናኙበት ነው፤ የይለፍ ቃላቸው ሳይቀር በግልጽ ተጽፎ ቀርቷል። እኔ ለማንም አላወጣውም፤ እናንተ ግን የይለፍ ቃል በትእዛዝ መስመር ላይ ከጻፋችሁ እንደዚህ ተመዝግቦ እንደሚቀር እወቁ።

ካርዱ ምንም አልነበረበትም። ማብሪያው በሶፍትዌር ጠፍቶ ነበር፤ ምናልባት አንድ ቁልፍ ሳላውቅ ነክቼ ይሆናል። አጥፍቼ ሳበራው ያልተመለሰውም የሊኑክሱ ኔትወርክ ማኔጀር የሚባለው ፕሮግራም ዋይፋዩ የነበረበትን የመጨረሻ ሁኔታ በፋይል መዝግቦ ስለሚያቆይ ነው፤ ጠፍቶ ከነበረ ሲነሳም እንደጠፋ ይቆያል። ከጥግ የተሰወረው ምልክት የራሱ የተለየ ነገር ነው፤ መምህርቷ በአንድ ደቂቃ መለሰችው። ሱቁ ያን ያህል ገንዘብ ተቀብሎ ምልክቱን እንኳ አልመለሰልኝም።

የሰዓቱን ማስረጃ ያገኘነው ደግሞ «ጆርናልሲቲኤል» (journalctl) ከሚባለው ትእዛዝ ነው፤ የኮምፒዩተሩን የሥራ መዝገብ ከነደቂቃው ያወጣል። ዋይፋዩ የበራው ቅዳሜ 10:12 ላይ ነው ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ12 መሆኑ ነው፤ እኔ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ ማለት ነው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ክዳኑ ስለተዘጋ ኮምፒዩተሩ ተኛ። የነቃው 15:21 ላይ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ21 ነው፤ እኔ ከመድረሴ ዘጠኝ ደቂቃ በፊት። በመካከሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ካርድ የሚቀይር ሰው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ነው የሚፈታው። የእኔ ላፕቶፕ ያን አምስት ሰዓት ሙሉ በተኛበት መደርደሪያ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለልጆቼ ምሳ መድረስ እየቻልኩ ቡና ቤት ተቀምጬ ሰዓት እቆጥር ነበር።

ትናንት ሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ ተመለስኩ። መዝገቡን በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ያችን የሶፍት ጥቅል ይዤ፣ በእርጋታ ለመነጋገር ነበር የሄድኩት። ልጁ አየኝና ወደ ውስጥ ገባ፤ ባለቤቱ ወጣ። ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁት። እስክጨርስ ስልኩን እየነካካ ቆየና «አሁን ዋይፋይህ ይሠራል አይሠራም?» አለኝ። ይሠራል አልኩት። «ታዲያ ምን ፈልገህ መጣህ?» አለ። ቅዳሜ «እርስዎ» የነበርኩት ሰው ሐሙስ «አንተ» ሆንኩ። ካርዱ እንዳልተቀየረ ደግሜ ስነግረው «ሰውዬ፣ አንተ ጠመኔህን ያዝ፤ ስለ ሊኑክስ ምን ታውቃለህ?» ሲል ከጀርባው የነበሩት ወጣቶች ሳቁ። ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት የቆመች አንዲት እናት አንገቷን ደፋች። በዚህ ከተማ ካስተማርኳቸው ልጆች የአንዳቸው እናት ልትሆን ትችላለች ብዬ አሰብኩ፤ ያ ከገንዘቡ የበለጠ አንገበገበኝ።

በመጨረሻ ባለቤቱ «የምናስከፍለው ለእውቀታችን ነው» አለ። ለዚህ መልስ አለኝ። በእውቀት ገንዘብ ማግኘትን አልቃወምም፤ እኔም የምኖረው በዚያው ነው። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት «መምህር፣ ማብሪያው ጠፍቶ ነበር፣ አብርቼዋለሁ፣ ለእውቀቴ 300 ብር ይስጡኝ» ቢለኝ ሳላቅማማ ከፍዬ፣ አመስግኜ፣ ወደ ማታ ሳይሆን በስድስት ሰዓት ቤቴ እገባ ነበር። ለሚቀጥለውም ወደ እሱ እመለስ ነበር። እነሱ ያስከፈሉኝ ግን ያልተገዛ ካርድ ዋጋ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በነጋዴው ዘንድም በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድና ከስድብ የመጠበቅ መብት ሰጥቶታል። ሁለቱንም በአንድ ሱቅ ውስጥ ተነፈግኩ። አቤቱታዬን ለንግድ ጽሕፈት ቤት ለማስገባት እያዘጋጀሁ ነው፤ የእጅ ጽሑፉን ብጣሽ ወረቀትና የክፍያውን መልእክት አያይዣለሁ።

ሊኑክስ ያለው ኮምፒዩተር ዋይፋይ እንቢ ካላችሁ፣ መኪና ከመሳፈራችሁ በፊት ተርሚናሉን ክፈቱና «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ስታተስ» (nmcli device status) ብላችሁ ጠይቁት። የዋይፋዩ መሣሪያ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ካርዱ በኮምፒዩተሩ ዘንድ ይታወቃል ማለት ነው፤ «አንአቬይለብል» (unavailable) የሚል ከሆነ ያችን የ4,200 ብር መስመር በነጻ ጻፏት። «አርኤፍኪል ሊስት» ስትሉት «ሃርድ ብሎክድ» (Hard blocked) ከሚለው ቀጥሎ «የስ» (yes) ካለ ደግሞ ከላፕቶፑ ጎን ወይም ከቁልፎቹ ላይ ያለውን ማብሪያ ፈልጉ። የግድ ሱቅ መውሰድ ካለባችሁ የማክ አድራሻውን አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ስትመለሱም የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ፤ እኔ የቀየርኩት ሰኞ ማታ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። «የድሮው ካርድዎ» ተብላ የተሰጠችኝ አረንጓዴ ካርድ ላይ የማክ አድራሻ ታትሟል፤ የእኔ አይደለም። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች 7052 ናቸው። ከአንድ ሰው ኮምፒዩተር የወጣች ናት። ደብረ ማርቆስ ላይ ላፕቶፑን አስጠግኖ ከዚያ ወዲህ ዋይፋይ ያጣ፣ አድራሻውም በእነዚህ አራት አኃዞች የሚያልቅ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ካርዱ በእጄ ነው፣ ደምበጫ እስኪመጣ አስቀምጥለታለሁ።