የኢሺሃራ ባለ 24 ገጽ መጽሐፍ፦ ምን ያህል ይታመናል?

ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው፣ በባለቀለም ነጠብጣቦች መካከል የተሰወረ ቁጥር የሚያስነብበው የቀለም እይታ መመርመሪያ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ላለ የዓይን ክፍል መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ነው። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸገረውን ሰው በደንብ ያወጣል። ሲሳሳት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአያያዝ ነው።

ከሁሉም የሚያበላሸው ብርሃን ነው። ቀለሞቹ ለቀን ብርሃን የተሠሩ ናቸው፤ በቢጫ አምፖል ሥር አረንጓዴ ላይ የሚቸገር ሰው ቁጥሩን አንብቦ ሊያልፍ ይችላል። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት ይመርመር። ክረምት ላይ ደብረ ብርሃንን ጉም ሲሸፍናት እስኪገልጥ መጠበቅ ይሻላል። መጽሐፉ 75 ሴንቲ ሜትር ርቆ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይያዝ። ለአንድ ገጽ 3 ሰከንድ ይበቃል፤ ያመነታውን «እስቲ ደህና አድርገህ እየው» ማለት ውጤቱን ዋጋ ያሳጣዋል። ባለቀለም መነጽር ይውለቅ፣ የማንበቢያው ይቆይ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቁጥር 12 ነው፤ ቀለም የማይለይም ያነበዋል። ከመጀመሪያዎቹ 15 ገጾች 13 እና ከዚያ በላይ በትክክል የመለሰ ደህና ነው፤ 9 እና ከዚያ በታች ከሆነ ችግር አለ፤ መካከል የቀረው በሌላ መሣሪያ ይታይ። 14ኛውና 15ኛው ገጽ ላይ ትክክለኛው መልስ «ምንም አይታየኝም» ነው፤ ጀማሪ መርማሪ እዚህ ላይ ብዙ ይሳሳታል። 16ኛው ላይ 26 አለ፦ 6ን ብቻ ያየ ችግሩ ቀይ ላይ፣ 2ን ብቻ ያየ አረንጓዴ ላይ ነው።

ቁጥር ለማያነቡ የመንዝና የተጉለት አባቶችና እናቶች ከ18 እስከ 24 ያሉት የመስመር ገጾች አሉ። መስመሩን በለስላሳ ብሩሽ ይከተሉ፤ በጣት ግን በፍጹም፣ ወዙ ቀለሙን ያበላሻል። ፎቶኮፒም ሆነ የስልክ ምስል ቀለሙን ስለሚለውጥ አይተካውም።

ሁለት ነገር ግን ከዚህ መጽሐፍ አይጠበቅም። ሰማያዊና ቢጫ ላይ ያለን ችግር አያሳይም፤ ስለዚህ ኢታምቡቶል የተባለውን፣ ዓይን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት የሚወስድ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ይህን ስላለፈ ብቻ ዓይኑ አልተጎዳም ማለት አይቻልም፤ ሲመረመርም አንድ ዓይኑ በየተራ እየተሸፈነ ይሁን። የችግሩን መጠንም አይለካም። ፋብሪካ ውስጥ ክር በቀለም የሚለይን ሠራተኛ በዚህ ብቻ ከሥራ ማስቀረት ግፍ ነው፤ 15 ባለቀለም ክዳኖችን በቅደም ተከተል የሚያስደረድረው የፋርንስወርዝ ፈተና ይጨመርለት።

ሲገዙ ኦሪጅናል ኅትመቱን ይምረጡ፤ ካልተመረመረበት ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፣ ገጾቹ ሲደበዝዙ ይቀየር።