በገላንና በቱሉ ዲምቱ ላላችሁ አነስተኛ ድርጅቶች፦ «ሁሉም ይናበባል» ተብሎ ስለሚሸጠው የኢሜይል ጥቅል

ከቃሊቲ ወጣ ብሎ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱና በዱከም መስመር በብሎኬት፣ በብረታ ብረትና በጭነት ሥራ ለተሰማራችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው እኛን ያጋጠመን እናንተን እንዳያጋጥማችሁ ነው። በየማምረቻውና በየመጋዘኑ እየዞሩ፣ በድርጅታችሁ ስም የሚከፈት ኢሜይል ከነካላንደሩና ከነስልክ ማውጫው በሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ላይ እንደሚናበብ፣ ማለትም በአንዱ ላይ የተቀየረው በሌሎቹም ላይ እንደሚታይ ቃል እየገቡ ዓመታዊ ጥቅል የሚሸጡ አሉ። በብሎኬት ማምረቻችን ይህንኑ ጥቅል የዓመቱን ክፍያ በቅድሚያ ከፍለን ገዛን፤ የተሰጠን ግን ከተነገረን እጅግ ያነሰ ነው።

ጉዳዩ የተገለጠው በቢሮው ኮምፒውተር የወረደ የደንበኛ ትእዛዝ በፎርማናችን ስልክ ላይ ጨርሶ ባለመታየቱ ነው። የኢሜይሉን ማስተካከያ ገጽ ስንከፍት በገቢ መልእክት ሰርቨር (ደብዳቤው የሚደርስበት የአቅራቢው ኮምፒውተር) ሥር የተሞላው ፖፕ 3፣ ፖርት (የመገናኛ በር ቁጥር) 995 ነበር። ፖፕ 3 መልእክቱን ከሰርቨሩ አውርዶ በአንድ መሣሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮቶኮል (መሣሪያዎች የሚግባቡበት ደንብ) ሲሆን፣ ቅጂ ሰርቨሩ ላይ እንዲቀር ተለይቶ ካልታዘዘ ብዙውን ጊዜ ያወረደውን ከሰርቨሩ ያጠፋዋል፤ የተነበበውን ካልተነበበው አይለይም፣ የላካችሁትንና በፎልደር የለያችሁትን ለሌላው መሣሪያ አያሳውቅም። ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ሁሉም መሣሪያ ያንኑ እንዲያይ የሚያደርገው አይማፕ ነው፤ ይህም ማርክ ክሪስፒን እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የነደፈው፣ ዛሬ በአብዛኛው በፖርት 993 የሚሠራው ፕሮቶኮል ነው። ኤስኤምቲፒ የሚባለው ደግሞ ለመላክ ብቻ ስለሚያገለግል በውሉ ላይ መጠቀሱ ስለ መናበብ ምንም አያረጋግጥም።

ከሁሉ የከፋው የካላንደሩና የስልክ ማውጫው ነገር ነው። ፖፕ 3ም ሆነ አይማፕ ቀጠሮንና ስልክ ቁጥርን ለማናበብ የተሠሩ አይደሉም። ለቀጠሮ ካልዳቭ፣ ለስልክ ማውጫ ካርድዳቭ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሁለተኛው በ2011 ደረጃቸው የወጣ ፕሮቶኮሎች ናቸው። ኢሜይሉን፣ ቀጠሮውንና ማውጫውን በአንድነት የሚይዘው ደግሞ የማይክሮሶፍቱ አክቲቭሲንክ ነው። በእኛ ጥቅል ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም፤ ሻጩ ያደረገው የደንበኞቻችንን ቁጥር በአንድ ፋይል አዘጋጅቶ በየስልኩ ላይ አንድ ጊዜ መጫን፣ የወሩን ቀጠሮዎችም በዚሁ መንገድ መገልበጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚታይ የተሟላ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ አንድ ደንበኛ የማስረከቢያ ቀኑ ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ እንዲዛወርለት ጠየቀ፤ ጸሐፊያችንም በቢሮው ካላንደር ላይ አስተካከለችው። በፎርማኑ ስልክ ላይ ግን ማክሰኞ እንዳለ ስለነበር ሲኖትራኩ ብሎኬት ጭኖ ሳይቱ ሲደርስ የሚረከብ ሰው አልተገኘም። ነዳጁንም ሆነ የጫኝና አውራጁን ሒሳብ የቻልነው እኛ ነን። ሻጩን ስንጠይቀው በኔትወርክ አሳበበ፤ በእኛ አካባቢ መብራትና ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ምክንያቱ የሚታመን ይመስላል፤ ነገር ግን በትክክል የተገናኘ ካላንደር ኔትወርኩ ሲመለስ ለውጡን ይቀበላል እንጂ እስከ ወዲያኛው አይቀርም።

በደረሰኙ ላይ ለእያንዳንዱ ስልክ «የአይማፕ ፈቃድ» ተብሎ የተጨመረውን ሒሳብ በተለይ አስተውሉ። አይማፕ፣ ካልዳቭና ካርድዳቭ ለማንም ክፍት የሆኑ ደረጃዎች በመሆናቸው በፕሮቶኮሉ ለመጠቀም ብቻ የሚከፈል የፈቃድ ዋጋ የለም። ሻጩ ለሰርቨር ቦታና ለድካሙ ማስከፈል ይችላል፤ በሌለ ፈቃድ ስም ማስከፈል ግን ማታለል ነው፣ ያውም ላልተገጠመልን አይማፕ።

ለማሳያ የሚያመጡት ስልክም ሊያዘናጋችሁ አይገባም። አይፎን ካልዳቭንና ካርድዳቭን ከራሱ ማስተካከያ ውስጥ ይቀበላል፤ በአብዛኞቻችን ሠራተኞች እጅ ያለው አንድሮይድ ግን እንደ ዳቭኤክስ 5 ያለ ተጨማሪ መተግበሪያ ካልተጫነበት አብዛኛውን ጊዜ አይቀበላቸውም። ስለዚህ የፕሮቶኮሎቹ ስም አንድ በአንድ በውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ከመክፈላችሁም በፊት በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ስልክ ቁጥር ቀይራችሁና አንድ ቀጠሮ አዛውራችሁ በራሳችሁ ሠራተኛ ስልክ ላይ መድረሱን፣ ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩም እንዲሁ መመለሱን በዓይናችሁ እዩ። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡት።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ውሉን ከማፍረሳችሁ በፊት ጥንቃቄ አድርጉ። በፖፕ 3 የወረደው ደብዳቤ ምናልባት በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሚገኝ አስቀድማችሁ ቅጂውን ያዙ፤ በኋላ በአይማፕ የተከፈተ አድራሻ ስታገኙ የቆዩትን መልእክቶች ወደ ሰርቨሩ ማዛወር ይቻላል። የዶሜይኑ ስም (በኢሜይል አድራሻችሁ ከ@ ምልክት በኋላ ያለው) በማን እንደተመዘገበም አጣሩ፤ በሻጩ ስም ከሆነ ለደንበኞቻችሁ ያሳወቃችሁት አድራሻ በእሱ እጅ ነው ማለት ነው። የእኛ በእሱ ስም ሆኖ ስለተገኘ የከፈልንባቸውን ደረሰኞች አያይዘን እንዲያዛውርልን በጽሑፍ ጠይቀናል፤ እስካሁን መልስ አልሰጠንም።