የጎርጎራ የውሃ ዳር ወፎች፦ በታንኳ ወይስ በእግር?

ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጎ ጎርጎራ ለሚወርድ ፎቶ አንሺ ጥያቄው ይኸው ነው።

ወጪ፦ በእግር ከሆነ ከትራንስፖርት ሌላ ብዙም የለም። ታንኳ ግን ከቀዛፊው ጋር መነጋገር አለው፤ ሳትሳፈሩ ዋጋ ቁረጡ።

ብርሃን፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። ጎርጎራ በጣና ሰሜን ዳርቻ ስላለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ሲገፋ ከየብስ ወደ ውሃው ብታነጣጥሩ ፀሐይ ከፊት ትመጣና ወፉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ከታንኳ ወደ ዳር ስታነሱ ግን ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ናት፤ የባለ ጥቁር ክንፉ ወፍ (ስቲልት) ቀጭን ቀይ እግር ሳይቀር ጥርት ብሎ ይወጣል። የደንገል ታንኳ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሌንሱም ከወፉ ዓይን ጋር እኩል ይሆናል።

መረጋጋት፦ ታንኳ ይወዛወዛል። የሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አታውርዱ፤ ትራይፖዱን ቤት ተዉት። በየብስ ሽንብራ የሞላ ከረጢት ላይ ሌንሱን አሳርፎ በደረት መተኛት ይበቃል፣ ጭቃውን ከቻላችሁት!

ስጋት፦ ጣና ጉማሬ አለበት። ቀዛፊው «እዚያ አንሄድም» ካለ አትከራከሩት።

በየካቲትና በመጋቢት ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሲሰፋ፣ በተለይ ለጀማሪ፣ እግር ይሻላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሐይቁ ገና ሙሉ ሳለ ቀረብ ያለ ምስል ለሚፈልግ ደግሞ ታንኳ።